አረጋውያን ተቀምጠው እንዳይቀሩ

ሕፃን ቆሞ መሄድን ሲማር ቤተ ሰቡ ሁሉ እጁን ዘርግቶ «ና፥ ና» እያለ ያደፋፍረዋል። ያው ሰው ሰባና ሰማንያ ዓመት በሆነው ጊዜ ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ እንዲቀመጥ ይለምነዋል። ሽማግሌ በመጣ ጊዜ ከመቀመጫ መነሣት፥ ጋቢውን ማስተካከል፥ ወደ እሳቱ ማስጠጋት፥ ዕቃ እንዳያነሣና ወደ ውጭ እንዳይወጣ መከልከል የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው። ይህ ልማድ ከአባቶች የተወረሰ፥ በመጽሐፍም የታዘዘ ስለ ሆነ የሚነቅፈው አይገኝም። ነገር ግን አክብሮቱ አረጋዊውን ከመደቡ እንዳይነሣ እስከ ማድረግ የደረሰ እንደ ሆነ በክብር ስም የሚደረግ ጉዳት ይሆናል። ሳይንቀሳቀስ የሚውል ሰው ጉልበቱ ይሰንፋል፤ ጉልበቱ የሰነፈ ሲነሣ ይንገዳገዳል፤ የተንገዳገደም ይወድቃል። ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት አገር ወድቆ የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ ሽማግሌ ወደ ቀድሞ ኑሮው ሲመለስ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 የሚያህሉ ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚሞቱትም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈው ናቸው። ይህ ነገር የሌላ አገር ጉዳይ የሚመስለው ሰው ቢኖር ጋይንትን፥ ስማዳንና እስቴን ያየ እንደ ሆነ ሐሳቡን ይለውጣል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ተራራ ጀምሮ እስከ ዓባይና እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ አገሩ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ነፋስ መውጫ ስሟ እንደሚያመለክተው ብርድና ነፋስ የማይለያት ከተማ ናት። ውኃ የሚቀዳው ከቁልቁለት፥ ገበያ የሚደረሰው በድንጋያማ መንገድ፥ ቤተ ክርስቲያኑም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጉብታ ላይ ነው። በዚህም ላይ ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ በደቡብ ጎንደር ለብዙ ዘመን ሥር ሰድዶ ስለ ቆየ፥ ከአረጋውያኑ ይልቁንም ከሴቶቹ መካከል የዓይናቸው ብርሃን የደከመ ብዙዎች ናቸው። ዓይኑ የደከመና ጉልበቱ የሰነፈ ሰው በእንዲህ ያለ አገር ከቤቱ ባይወጣ የሚያስገርም አይደለም። ቤት መዋሉ ግን ድካሙን ያብሰዋል እንጂ አያቀለውም። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜም መራመድ የሚችለውና መራመድ የማይችለው ሰው ዕድላቸው አንድ አልነበረም።

በዚሁ አገር ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ሌላ እርጅና ይታያል። በዓል በሆነ ሌሊት ጠጕራቸው የነጣ መሪጌቶች ሌሊቱን ጀምረው ቅዳሴ እስኪገባ ድረስ ቆመው ሲዘሙ፥ ሲያሸበሽቡና ሲወርቡ ያድራሉ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በዘመነ ጽጌማ በየሰንበቱ ሌሊት ማኅሌት ይቆማሉ። በዕድሜ እኩያቸው የሆነው ገበሬ ግን ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ በትሩን ይዞ ተቀምጦ ይሰማቸዋል። ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? ገበሬው ዘመኑን ሁሉ በሞፈርና በቀንበር ስለ ደከመ ነው የሚል ሰው ከፊል እውነት አለው። ሙሉው ምክንያት ግን ይህ አይደለም። ገበሬው እርፉን ለልጁ በሰጠ ቀን መንቀሳቀሱን ትቷል፤ መሪጌታው ግን ሥራው ራሱ ቆሞ መዘመር ስለ ሆነ ሽበቱ ከሥራው አላሰናበተውም። ይልቁንም ባረጀ ቍጥር ወደ ፊት መስመር ይቀርባል።

እነዚህ ሦስት አገሮች በዜማ ትምህርት ያላቸውን ስፍራ ለካህናት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ ለመንግሥት ሹማምንት ግን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ከየትኛውም አገር የመጣ ደቀ መዝሙር ድጓውን አጽንቶ መምህር ለመባል የሚመሰክረው ከዚያች ቦታ ነው። ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ነው። በእስቴ በኩል ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ አለች፤ በስሟ የሚጠራ የዜማ ስልትም አላት። ከዚያ እልፍ ብሎ በደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም ይገኛል። ይህን አቋቋም የጀመሩት የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው፤ በጣና ዳር የማዕበሉንና የደንገሉን መወዝወዝ ተመልክተው የሰውነትን እንቅስቃሴ ከዜማው ጋር እንዳስማሙት ይነገራል። አለቃን ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ከቀልዳቸው ይልቅ ግን ይህ ሥራቸው ሊነገርላቸው ይገባ ነበር። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን አቋቋም መጀመሪያ ለመቀበል እንዳመነቱ፥ አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተምረውት በተክሌ ስም እንደ ቀረ ሽማግሎች ይተርካሉ።

አሁን አቋቋሙን በሐኪም ዓይን መመልከት ይገባል። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የሚያርፍበት ጊዜ አለው፤ ነገር ግን እያረፈ ይሰማል እንጂ አይተኛም። መጀመሪያ ቁም ዜማው ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል ይባላል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዘማል፤ ሰውነትም ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያሳለፈ አብሮ ይዘነብላል። ከዚያ በኋላ መረግዱ ይመጣል፤ ከበሮው ቀስ ብሎ ይመታል፥ ጸናጽሉ ይንሿሿል፥ ጉልበት በልኩ ይታጠፋል፥ ይቃናል። በመጨረሻ ጽፋቱ ይከተላል፤ ምቱ ይፈጥናል፥ እጅም ያጨበጭባል። ከዝግታ ወደ ፍጥነት እንዲህ ደረጃ በደረጃ መውጣት በዛሬው ዘመን የሰውነት ማጠንከሪያ አስተማሪዎች ሁሉ የሚያዝዙት ሥርዓት ነው። ክብደትን ከእግር ወደ እግር ማሳለፍ፥ ጉልበትን ማጠፍና ማቃናት፥ ቆሞ መዞር፥ ይህ ሁሉ ሽማግሌን ከመውደቅ የሚጠብቀው የሚዛን ልምምድ ነው። በላዩም ላይ ቃሉ ሁሉ በቃል የተያዘ ነውና እግር በሚሠራበት ጊዜ ልቡናም ይሠራል። መቋሚያውም ከእጅ አይለይም፤ የደከመው ሰው ከብብቱ ሥር አድርጎ ይደገፍበታል፥ በበረታ ጊዜም ያነሣዋል። ለአረጋዊ ሰውነት ከዚህ የተስማማ መሣሪያ በየትኛው አገር ተሠርቶ ይሆን?

ቅዱስ ያሬድ ይህን ዜማ ሲደርስ ለሽማግሎች ጉልበት አስቦ አልነበረም፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና ነበር። ይሁን እንጂ ለአንድ ነገር የተሠራ መልካም ሥራ ለሌላም ሲተርፍ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ስለ ቅዱሱና ስለ ንጉሡ ስለ ገብረ መስቀል የሚነገረውን ታሪክ የማያውቅ የለም፤ የንጉሡ ጦር የያሬድን እግር ወግቶ ሳለ በዜማው ተመስጠው ሁለቱም አላወቁም። ዜማ ሕመምን የማስረሳት ኃይል እንዳለው የዚህች አገር ሰው ያመነው ሐኪሞች ሳይመረምሩት በፊት ነው። ሕመምን መርሳት ግን ለአረጋዊ ሰው ጉዳትም ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ነገር ወደ ታች ይነገራል።

በውጭ አገር የሚገኙ ሊቃውንት ነገሩን በፈተና መርምረውታል። በስዊስ አገር በጄኔቭ ከተማ ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ የሚባል የሙዚቃ መምህር ባለፈው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዜማን በሰውነት እንቅስቃሴ የማስተማር ዘዴ አውጥቶ ነበር። በዚያው ከተማ ሐኪሞች ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ 134 ሰዎችን ይዘው፥ በሳምንት አንድ ሰዓት ፒያኖ እየተመታላቸው ለ6 ወር በምቱ እንዲራመዱና እንዲዞሩ አደረጉ። በ2011 በአውሮፓ አቆጣጠር በታተመው ውጤት ትምህርቱን የተከተሉት ተራቸውን ሲጠብቁ ከቆዩት ይልቅ እርምጃቸው የጸና፥ መውደቃቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት ያለፈ 469 ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲመረመሩ ቆይተው፥ በ2003 በአውሮፓ አቆጣጠር እንደ ተገለጠው፥ ከሰውነት እንቅስቃሴዎች ሁሉ የመርሳት በሽታን ከመቀነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ጭፈራ ብቻ ነበር። መጽሐፍ ማንበብና የሙዚቃ መሣሪያ መምታትም እንዲሁ ከዚህ መልካም ውጤት ጋር ተያይዘዋል። እርግጥ ነው፥ ጤነኛ የሆነው ሰው ስለሚጨፍር ነው እንጂ ስለ ጨፈረ ጤነኛ አልሆነም የሚል ክርክር አለ፤ ክርክሩም ገና አልተዘጋም። የጄኔቩ ፈተና ግን ሰዎቹን በዕጣ ለይቶ ስላነጻጸረ ይህ ክርክር ብዙም አይነካውም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፥ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ3 ቀን ባላነሰ ጊዜ ሚዛንንና ጥንካሬን የሚጠብቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ መክሯል።

እንግዲህ የጄኔቭ ሰዎች መምህር ቀጥረው፥ ፒያኖ አስመጥተው ያገኙትን ነገር የቤተ ልሔም ሽማግሎች ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ በከበሮና በመቋሚያ ይዘውት ኖረዋል። ችግሩ የተያዘው በጥቂቶች ዘንድ ብቻ መሆኑ ነው። የተማረው ደብተራ ይዘምማል፤ ያልተማረው ገበሬና ሚስቱ ግን ከዚህ ርቀው ይቆማሉ።

ቀድሞ ለእነርሱም ሌላ ዜማ ነበራቸው። ገበሬው በደቦ ሲያርስ፥ ሲያጭድና አውድማ ላይ ሲወቃ ይዘፍን ነበር፤ ዘፈኑም እጁንና እግሩን ይመራለት ነበር። ሴቲቱ በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ ታንጐራጕር ነበር፤ ወገቧ ከዜማው ጋር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። የሞተር ወፍጮ መምጣቱ ሴቶችን ከታላቅ መከራ ያዳነ ሥራ ነውና የድንጋይ ወፍጮ ይመለስ የሚል ጤነኛ ሰው አይኖርም። ሆኖም መከራው ሲሄድ ዜማውም አብሮ እንደ ሄደ ማስተዋል ያስፈልጋል። ወጣቱ ለሥራ ወደ ሁመራና ወደ መተማ፥ ወይም ወደ ከተማ ሲወርድ በቤት የሚቀሩት ሽማግሌና አሮጊት ናቸው። ዛሬ አንዲት አሮጊት ከሰው ጋር ሆና ድምጿን ከፍ አድርጋ፥ ሰውነቷንም አንቀሳቅሳ የምትውልበት ስፍራ ቢፈለግ ከለቅሶ ቤት በቀር ብዙ አይገኝም። ሙሾውና ደረት መድቃቱ ዜማና እንቅስቃሴ ነው፤ ግን ዜማዋ ሁሉ ለሞተ ሰው ሆኖ መቅረት አይገባውም ነበር።

ጕልበቷ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ግን በጥምቀት ይታያል። ዓመቱን ሙሉ ከደጅ ያልወጣች አሮጊት ታቦቱ ሲወጣ እልል እያለች እስከ ወንዝ ትወርዳለች፤ ዳገቱንም መልሳ ትወጣለች። በማግሥቱ ቤተ ሰቧ «ተአምር ነው» ይላል። የእምነቱን ኃይል የሚክድ የለም፤ ግን ከእምነቱ ጋር ከበሮው፥ ሆታውና የብዙ ሰው አንድነት እንደ ነበረ ደግሞ አይረሳ። በዓመት አንድ ቀን የሚቻለው ነገር በየሳምንቱ የማይቻልበት ምክንያት ምንድር ነው?

መንግሥት ለአረጋውያን ያለበት ኃላፊነት በሕግ የተጻፈ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፥ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን ለመርዳት መንግሥት እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዝዛል። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ሥራ በተጀመረ ጊዜም ጋይንትና ስማዳ እህል ከሚያጥራቸው ወረዳዎች ተቈጥረው ገብተውበታል። በዚህ ሥርዓት መሥራት የሚችለው ሰው እርከን እየሠራና መንገድ እየጠረገ ድርሻውን ሲቀበል፥ ለመሥራት ያልቻለው አረጋዊ ደግሞ ያለ ሥራ በቀጥታ እንዲረዳ ተደርጓል። ይህ ታላቅ ርኅራኄ ነው። ነገር ግን ርኅራኄው በሆድ ላይ ቆሟል። ሥራ የሚሠሩት በአንድነት ሲውሉ፥ ያለ ሥራ የሚረዱት ግን ስማቸው በመዝገብ ሰፍሮ በየቤታቸው ብቻቸውን ይውላሉ። እርዳታውን ለመቀበል በሚሰበሰቡበት ቀን እንኳ ተሰልፈው ይጠብቃሉ እንጂ አንዱ የአንዱን ደኅንነት ጠይቆ፥ አብሮ ዘምሮ የሚለያይበት ጊዜ አልተሰጣቸውም።

በከተማስ ቢሆን? ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድ ለተሽከርካሪ እየተዘጋ ሕዝቡ በማስ ስፖርት እንዲሳተፍ መደረጉ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ሙዚቃው የፈጠነ፥ ዝላዩም የበዛ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌው ከዳር ቆሞ የልጅ ልጁን ያያል። መስከረም 21 አካባቢ የሚውለው ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀንም በጽሑፍና በንግግር ይከበራል፤ የክብር እንግዶች የሆኑት አረጋውያን በዚያ ቀን በወንበር ላይ ተቀምጠው ረጅም ሪፖርት ማዳመጣቸው ሳይታሰብ የመጣ ቀልድ ይመስላል።

የታሰበው ነገር ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ሊያስነሣ ይችላል። ከካህናት ወገን «ማኅሌት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ መሥዋዕት ነው እንጂ የጉልበት ማፍታቻ አይደለም፤ ቅኔ ማኅሌትም የሊቃውንት ስፍራ ነው» የሚል ይነሣል። ይህ ትክክለኛ ነገር ነው። ድጓውን ወደ አደባባይ ማውጣት፥ ወይም ያልተማረውን ሁሉ ወደ ቅኔ ማኅሌት ማስገባት አልታሰበም፤ ሊታሰብም አይገባም። የሚፈለገው ከአቋቋሙ ሥርዓት መማር ብቻ ነው፤ ይኸውም ቀስ ብሎ መጀመርን፥ በሁለት ወገን መቀባበልን፥ በበትር ተደግፎ መዘንበልንና ምትን መከተልን ነው። ቃሉ ሕዝቡ በየማኅበሩና በየንግሡ የሚዘምረው የአማርኛ መዝሙር ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ ሲያሸበሽብ ያየ ሰው ይሥቅበታል የሚለውም ጠንካራ ምክንያት አይሆንም፤ ዳዊት በታቦቱ ፊት በዘለለ ጊዜ የናቀችው ሜልኮል ነበረች፥ መጽሐፍም የተቈጣው በእርሷ ላይ ነው። የአለቃ ገብረ ሐና አቋቋምም በመጀመሪያ ያጠራጠራቸው ሊቃውንት ነበሩ፤ ዛሬ ግን ተክሌን የማያከብር ደብር የለም።

ከሹማምንት ወገን የሚነሣው ደግሞ «በጀት የለም፤ የሚበላው ላጣ ሰው ዜማ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ይሆናል። እህል እንደሚቀድም ማንም አይክድም፤ ዜማ በእህል ፋንታ ይሰጥ ያለም የለም። ስለ በጀቱ ግን ነገሩን በዝርዝር ማየት ይበቃል። ከበሮ በየአጥቢያው ዕቃ ቤት አለ፤ በትር በየሽማግሌው እጅ አለ። የሚሰበሰቡበት የሰንበቴ ቤት፥ ወይም ጥላ ያለው ዛፍ በየደብሩ አለ። ቀኑም ቢሆን ተወስኖ ያለ ነው፤ በወር በወር 12 ሚካኤል፥ 21 ማርያም፥ 29 በዓለ እግዚአብሔር፥ ከእሑድ ጋር፥ ገበሬ ሞፈር የማይነካባቸው ቀኖች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የመከረውን የሳምንት ሦስት ቀን ለመሙላት ሌሎቹን ወርኃዊ በዓላት መጨመር ብቻ ይበቃል፤ በዓል በዝቷል እያሉ የሚያጕረመርሙ የግብርና ሠራተኞችም ለበዓሉ ብዛት አንድ ጥቅም ያገኙለታል።

የሚያስፈልገው ሰው ነው። ለዚህም የሚመረጠው ሽማግሌ መሪጌታ ነው። የቆሎ ተማሪ ቍጥር እየሳሳ በሄደባቸው ጉባኤ ቤቶች አጠገብ፥ ድምፃቸው ያልደከመ፥ ጉልበታቸውም ያልላላ መምህራን የሚረዳቸው አጥተው ይኖራሉ። ወረዳው ወይም ደብሩ ለእንዲህ ያለው መምህር ጥቂት አበል ቢቈርጥለት፥ መምህሩ ይጠቀማል፥ አረጋውያኑም ይጠቀማሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ደግሞ ከበሮውን ይምቱ፤ የደከመውንም በክንዱ ይደግፉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በወር አንድ ቀን ከመካከላቸው ብትገኝ፥ ቤት ለቤት ስትፈልጋቸው የምትደክምላቸውን ሽማግሎች በአንድ ስፍራ ታገኛቸዋለች፤ የደም ግፊታቸውን ትለካለች፥ የዓይን ቆብ ሽፋላቸው ወደ ውስጥ የታጠፈባቸውንም ለይታ ወደ ሐኪም ትልካለች። ለዚህ ብቻ እንኳ ሲባል መሰብሰባቸው ዋጋ አለው።

የጥንቃቄው ነገር ችላ ሊባል አይገባም። ዜማ ሕመምን ያስረሳል ተብሏልና፥ ሕመሙን የረሳ ሽማግሌ ከአቅሙ በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ፈጽሞ የደከመው መጀመሪያ ተቀምጦ እጁንና ትከሻውን ብቻ ያንቀሳቅስ፤ ከዚያ ግድግዳ ወይም ሰው ይዞ ይቁም፤ በመጨረሻ በበትሩ ይዘንብል። ደረቱን የሚያመው፥ ራሱን የሚያዞረው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ወዲያው ይቀመጥ፤ ሐኪም ሳያየውም አይመለስ። ጾም በሆነ ቀን ሳይበሉና ውኃ ሳይጠጡ መድከም አይገባም፤ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ቀምሶ መጀመር ይሻላል። መሬቱ ጠጠር የሌለበት ደልዳላ ይሁን፤ በክረምት ጭቃ ላይ ከመቆምም መተው ይሻላል። በደጋው፥ ይልቁንም በነፋስ መውጫ አካባቢ፥ ፀሐይ ሞቅ ካላለ በቀር አይጀመር። ጊዜውም ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ አንድ ሰዓት ይደርሳል፤ ከዚያ የሚያልፍ አያስፈልገውም። ዓይኑ የደከመ ሰው በመስመሩ መካከል ይቁም፤ ግራና ቀኙ ያሉት ሰዎች ትከሻና የከበሮው ድምፅ መንገድ ይሆኑታል።

የሴቶቹ ነገር ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ ይገባል። ወንዱ ሽማግሌ ከቤት ባይወጣ እንኳ እርቅ ሊያስታርቅ፥ ሊመርቅ፥ ዳኝነት ሊሰማ ይጠራል። ባሏ የሞተባት አሮጊት ግን የምትጠራበት ጉዳይ ጥቂት ነው፤ እግሯም የሚታሰበው ከወደቀች በኋላ ነው። ሴቶች በራሳቸው መስመር፥ በራሳቸው እልልታና ጭብጨባ፥ ከመካከላቸው ድምፅ ያላትን መሪ አድርገው ሊቆሙ ይችላሉ፤ ከቤት ያልወጡትንም እየዞሩ የሚጠሩ ብርቱዎቹ ይሁኑ። በየጽዋ ማኅበራቸው መቀባበልን የለመዱ ስለ ሆኑ ከወንዶቹ ፈጥነው ሥርዓቱን ይይዙታል የሚል ግምት ቢሰጥ ማጋነን አይሆንም። በእስልምና ሃይማኖት ያሉት አረጋውያንም በራሳቸው ስፍራ፥ በመንዙማቸውና በድቤያቸው ይህንኑ ለማድረግ የሚከለክላቸው ነገር የለም፤ የወረዳው ሹም ለአንዱ የሚያደርገውን አበልና የጤና ጕብኝት ለሌላውም ያድርግ።

ለመጀመር የተመቸው ወራት ጥር ነው። እህሉ ከአውድማ ገብቷል፥ ዝናብ የለም፥ ጭቃውም ደርቋል። አሮጊቶቹና ሽማግሎቹ ታቦት ሸኝተው፥ እግራቸው ገና የከበሮውን ምት ሳይረሳ፥ ከጥምቀት በኋላ በሚውለው በመጀመሪያው ሰንበት ከቅዳሴ ሲወጡ በሰንበቴው ቤት ደጅ ቢቈዩ፥ መሪጌታው ተነሥቶ መስመሩን ያሲዛቸዋል። የነፋስ መውጫ፥ የአርብ ገበያ፥ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ሹማምንት ከየወረዳቸው አንዳንድ ደብር መርጠው፥ ከደብሩ አለቃ ጋር ተነጋግረው፥ የሚመጡትን አረጋውያን ስም፥ በዓመቱ ውስጥም ማን እንደ ወደቀና ማን እንዳልወደቀ ቢያስመዘግቡ፥ በሚቀጥለው ጥር የሚታይ መዝገብ ይኖራቸዋል።